የተጠመደ ወጥመድ፦ ቅርጻቸውን የሚለውጡ ፕሮቲኖችና ወደ ሴሎቻችን የሚገቡ ቫይረሶች

ቢስሚላሂ አርረሕማኒ አርረሒም



ባለፈው ሴሚስተር ከመግሪብ ሶላት በኋላ በነበረን ሐላቃ ስለ ሕክምናና ስለ ተወኩል እየተነጋገርን ሳለ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን እጁን አውጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «በኮቪድ ክትባት ውስጥ ያለው ፕሮቲን የቫይረሱ ትክክለኛ ፕሮቲን አይደለም፤ ሰዎች ነካክተው ለውጠውታል ይባላል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ከመካከላችን የጤናና የባዮሎጂ ተማሪ የሆንነው ተቀዳድመን «ወሬ ነው!» አልን።

ተሳስተን ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ በበርካታ ክትባቶች ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሆን ተብሎ ተለውጧል። ወንድማችን የሰማው እውነት ሆኖ ሳለ እኛ ስላስተባበልነው በቀጣይ ሌላ ነገር ብንነግረውም አያምነንም። ስለዚህ በዚህ እትም የሚገባውን መልስ በዝርዝር ይዘን ቀርበናል። መልሱ ክትባቱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቫይረስ ወደ ሴል እንዴት እንደሚገባ ማየት ይጠይቃልና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም ሳትሸሹ አብራችሁን ዝለቁ።

ከፕሮቲን እንጀምር። ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን ሽሮና እንቁላል ነው። በሴል ውስጥ ግን ፕሮቲን ማለት ሠራተኛ ማለት ነው፤ የሚያጓጉዘው፣ የሚቆርጠው፣ በር የሚጠብቀው እሱ ነው። አሠራሩ ከተስቢህ ጋር ይመሳሰላል። 20 ዓይነት ዶቃዎች (አሚኖ አሲዶች) በተወሰነ ቅደም ተከተል በአንድ ክር ላይ ይሰካሉ። ልዩነቱ ይህ ክር እንደተዘረጋ አለመቅረቱ ነው፤ ተጠቅልሎና ተጣጥፎ አንድ የተወሰነ ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጹ ነው። ዶቃዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ቅርጹ ቢበላሽ ሥራው ይቆማል። እንቁላል ስንቀቅል ነጩ ክፍል የሚረጋው ፕሮቲኑ ቅርጹን ስለሚያጣ ነው።

በመማሪያ መጽሐፎቻችን ላይ ፕሮቲኖች እንደ ድንጋይ የማይንቀሳቀሱ ሆነው ይሳላሉ። ብዙዎቹ ግን ሥራቸውን የሚሠሩት ቅርጻቸውን እየለወጡ ነው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝና ሲለቅ ቅርጹ ይለዋወጣል። ይህ ቅርጽ መለወጥ በሽታ አምጪዎች ዘንድ ሲገኝ ምን እንደሚመስል ከኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ቫይረሱ ችግር አለበት። የራሱን ዘረመል (ጂን) ይዞ በስብ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ሴላችንም በስብ ሽፋን ተከቧል። ዘረመሉ ወደ ውስጥ እንዲገባ ሁለቱ ሽፋኖች መዋሐድ አለባቸው። ሽፋኖች ግን ዝም ብለው ሲነካኩ አይዋሐዱም፤ በመካከላቸው ያለው ውኃ እስኪወጣ ድረስ አጥብቆ የሚያጣብቃቸው ኃይል ያስፈልጋል። ሴሎቻችን እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠሩ ኤቲፒ የተባለውን ነዳጅ ያቃጥላሉ። ቫይረሱ ነዳጅ የለውም። ታዲያ ኃይሉን ከየት ያመጣል?

ዶርም ውስጥ አይጥ ያስቸገረው ሰው መልሱን ያውቀዋል። የአይጥ ወጥመድ ባትሪ የለውም። ስናጠምደው ክንዱን ወደ ኋላ ስበን ሞላው ላይ ኃይል እናስቀምጣለን፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ንክኪ ይበቃዋል። ሂማግሉቲኒን የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ፕሮቲን እንደዚሁ ነው። በቫይረሱ ገጽ ላይ እንደ እሾህ ቆሞ የሚታየው እሱ ነው። ሦስት ተመሳሳይ ክፍሎች ተጣምረው አንዱን እሾህ ይሠራሉ። ሲፈጠር ኃይል በውስጡ ተቀምጦለት፣ ገና ያልተፈታ ቅርጽ ይይዛል። ወጥመዱ የሚጠመደው ግን በእኛ እጅ መሆኑ ይገርማል። ፕሮቲኑ መጀመሪያ አንድ ወጥ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ በመተንፈሻ አካላችን የሚገኙ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች አንድ ቦታ ላይ ካልቆረጡት አይሠራም። (አንዳንድ አደገኛ የወፍ ጉንፋን ዝርያዎች አደገኛ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ የመቁረጫ ቦታቸው በብዙ የሰውነት ክፍሎች በሚገኙ ኢንዛይሞች ሊቆረጥ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ በሳንባ ብቻ አይወሰኑም።)

የተጠመደው ቫይረስ በሴላችን ገጽ ላይ ካለ ሲያሊክ አሲድ ከተባለ ስኳር ጋር ይጣበቃል። ሴሉም እንደ ማንኛውም ገጹ ላይ እንደተጣበቀ ነገር በከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይውጠዋል። ይህ ከረጢት ኢንዶሶም ይባላል። ሴሉ በልማዱ ከረጢቱ ውስጥ አሲድ ይጨምራል፤ የተዋጠውን ለመፍጨት የሚያዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። ፒኤቹ ወደ 5 አካባቢ ሲወርድ ወጥመዱ ይነካል። የሂማግሉቲኒን ራስ ይላቀቃል፤ ተጣጥፎ የነበረው መካከለኛው ክፍል ተወርውሮ ረጅም ጥምዝ ምሰሶ ይሆናል። በሆዱ ተደብቆ የነበረ ጫፍ ወደ 10 ናኖሜትር ያህል ተወንጭፎ የከረጢቱን ሽፋን እንደ ጦር ይወጋል። አንዱ ጫፍ በቫይረሱ ሽፋን፣ ሌላው በእኛ ሽፋን ከተሰካ በኋላ ፕሮቲኑ እንደ ሰንጢ ይታጠፋል፤ ሁለቱን ሽፋኖችም ጎትቶ ያጋጥማል። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። 10 ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ መቶ ሺኛ ነው፤ ቫይረሱ ራሱ 100 ናኖሜትር ያህል በመሆኑ ግን ለእሱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ያልተፈታው ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የተፈታው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በኤክስሬይ ክሪስታል ጥናት ታየ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ፕሮቲን ናቸው ቢሉት ለማመን ይቸገራል። የዶቃዎቹ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

በሐላቃው ላይ አንዲት እህት «ታዲያ ቫይረሱ መቼ መፈታት እንዳለበት ያውቃል ማለት ነው?» ብላ ነበር። አያውቅም። አሲድ ማለት የሃይድሮጅን አዮን መብዛት ነው፤ አዮኖቹ በተወሰኑ አሚኖ አሲዶች ላይ ሲያርፉ እርስ በርስ ይሳሳቡ የነበሩት ይገፋፋሉ፣ ማሰሪያው ይላላል። በቃ። አላህ (ሱ.ወ) ለፍጥረታቱ ባስቀመጠው ሥርዓት የሚሄድ እንጂ ሐሳብና ተንኮል የለውም። ለመናገር እንዲመቸን «ያታልላል»፣ «ይደብቃል» ማለታችን አይቀርም፤ በዚህ ጽሑፍም ብለናል፤ እንደ አነጋገር ያዙልን።

ይህ ወጥመድ አንድ ደካማ ጎን አለው። አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይጠመድም። ቫይረሱ ገና ሴል ሳያገኝ በሙቀት ወይም በአሲድ ከተፈታ እሾሁ ከንቱ ይሆናል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ከታች እንመለስበታለን።

ዘዴው የኢንፍሉዌንዛ ብቻ አይደለም። ኤች አይ ቪ አሲድን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ንክኪን ነው። የእሾሁ ውጫዊ ክፍል ሲዲ4 ከተባለው የነጭ ደም ሴል ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ቅርጹ ይለወጥና ቀድሞ ያልነበረ ቦታ ይገለጣል። ያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር5 ከሚባል ሁለተኛ ተቀባይ ጋር ይያያዛል፤ ያኔ የውስጠኛው ጦር ይወነጨፋል። ሰውነታችን ይህን ቫይረስ ማሸነፍ ለምን እንዳቃተው በከፊል የሚያስረዳን ይህ ነው። ቫይረሱ ሊለውጠው የማይችለው ወሳኝ ቦታ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት የተሸፈነ ነው፤ ሲገለጥ ደግሞ ሁለቱ ሽፋኖች ተቀራርበው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) የሚገባበት ስፍራ የለም። ሆኖም ሰዎች በዚህችው ቅጽበት የሚሠራ መድኃኒት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢንፉቨርታይድ የጦሩን አንድ ቁራጭ የሚመስል 36 አሚኖ አሲድ ያለው ሰንሰለት ነው፤ በሚታጠፈው ሰንጢ መካከል እንደ እንጨት ገብቶ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። በቀን ሁለት ጊዜ በመርፌ የሚወሰድ በመሆኑ ግን በስፋት ሊሠራበት አልቻለም።

ባክቴሪያዎችም አሉበት። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ከሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች አንዱ ሰባት ሰባት ሆኖ በሴላችን ላይ ቀለበት ይሠራል፤ ተውጦ አሲድ ሲነካው ከቀለበቱ መሐል ቱቦ ወጥቶ የከረጢቱን ሽፋን ይበሳል፤ መርዞቹም በዚያ ያልፋሉ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንሂድ።

አርኤስቪ የሚባል የመተንፈሻ አካል ቫይረስ አለ። ለእኛ ለትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው፤ ለጨቅላ ሕፃን ግን ሳንባን የሚዘጋ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ከ100 ሺህ በላይ ሕፃናትን ይገድላል፤ 97 በመቶው ሞት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ ገና 6 ወር ያልሞላቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ ክትባት ተሞከረ። ቫይረሱን በፎርማሊን ገድለው ሕፃናትን ከተቡ። ዘዴው ለፖሊዮ ሠርቶ ስለነበር ተስፋ ተደርጎበታል። የቫይረሱ ወቅት ሲመጣ የታየው ግን ሌላ ነበር። በዋሽንግተን በተደረገው ሙከራ ከተከተቡትና በኋላ በቫይረሱ ከተያዙት ሕፃናት 80 በመቶ ያህሉ ሆስፒታል ገቡ፤ ካልተከተቡት መካከል የገቡት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። ክትባቱ አለመከላከሉ ሳያንስ በሽታውን አባባሰው።

ይህን ታሪክ የምናነሳው ሆን ብለን ነው። «ክትባት ልጆችን ጎድቶ ያውቃል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ሁልጊዜ ውሸታም አይደለም፤ ይህ ሆኗል፣ ተመዝግቧልም። ሐቁን ሸሽጎ እምነት የሚገነባ የለም። መጠየቅ ያለበት ለምን ሆነ የሚለው ነው፤ ለዚህም አጥጋቢ መልስ ለማግኘት ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል።

የአርኤስቪ እሾህ ኤፍ ፕሮቲን ይባላል። ከሌሎቹ ወጥመዶች ይልቅ በቀላሉ የሚፈታ ነው፤ ሳይነካም ይፈታል። ከፎርማሊን ሂደት በኋላ በክትባቱ ውስጥ የነበረው የተፈታው ቅርጽ ነበር። እንግዲህ የሕፃናቱ ሰውነት ምን ተማረ? ሥራውን የጨረሰ ወጥመድ ምን እንደሚመስል ተማረ። እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ እሾሁ ገና የተጠመደ ነበርና የተዘጋጁት አንቲቦዲዎች በአብዛኛው ከቫይረሱ ጋር ቢጣበቁም ሊያስቆሙት አልቻሉም። ይባስ ብሎ ሳንባ ውስጥ ከመጠን ያለፈ ቁጣ አስነሱ። የቅርጹ ጉዳይ ብቻውን ሁሉንም ያስረዳል አንልም፤ ክትባቱ የበሽታ መከላከያ ሴሎችንም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ መርቷቸው ነበር። የቅርጹ ድርሻ ግን ትልቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የክትባት ምርምር ማዕከል ጄሰን ማክሌላን፣ ፒተር ክዎንግ፣ ባርኒ ግርሃምና ባልደረቦቻቸው የተጠመደውን ኤፍ ፕሮቲን ሥዕል አገኙ። እንዴት አገኙት ቢባል፣ ያልተፈታውን ቅርጽ ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ አግኝተው፣ ፕሮቲኑን እንደታቀፈው ሳይፈታ ክሪስታል አደረጉት። በሥዕሉ አናት ላይ፣ ሲፈታ የሚጠፋ አንድ ቦታ ታየ። ቫይረሱን በብርቱ የሚያስቆሙት አንቲቦዲዎች የሚያነጣጥሩት እዚያ ላይ ነው። ይህ የታየ ዕለት የ1960ዎቹ ውድቀት ትርጉም አገኘ።

ቀጣዩ ሥራ ወጥመዱን ከነጭራሹ እንዳይፈታ መቆለፍ ነበር። ከፕሮቲኑ ጥቂት ዶቃዎችን ለወጡ፤ በአንድ ቦታ ሁለት ሲስቲን አስገብተው እርስ በርስ በሰልፈር ድልድይ እንዲተሳሰሩ አደረጉ፤ በሌላ ቦታ በውስጡ የነበረን ባዶ ቀዳዳ ወፈር ባሉ አሚኖ አሲዶች ሞሉት። የተቆለፈው ፕሮቲን በሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ቫይረሱን የሚያስቆም የአንቲቦዲ መጠን ከ10 እጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ ሐሳብ የተሠሩ ክትባቶች አሜሪካ ውስጥ ለአረጋውያን፣ ቀጥሎም ለነፍሰ ጡር እናቶች ተፈቀዱ። እናት ስትከተብ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ሕፃኑ ተጠብቆ ይወለዳል። ኒርሴቪማብ የተባለው ለጨቅላዎች የሚሰጥ አንቲቦዲም የሚይዘው በተጠመደው ቅርጽ አናት ያለውን ያንኑ ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሀገሮች ከሁለቱ አንዱን እንዲጀምሩ እ.ኤ.አ. በ2025 መክሯል። ከሟቾቹ 97 በመቶውን የሚይዙት ሀገሮች ጋር መቼና በምን ዋጋ ይደርሳል የሚለው የፋርማሲና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቻችን ሊከራከሩበት የሚገባ ርዕስ ነው።

አሁን የወንድማችን ጥያቄ ዘንድ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ2012 መርስ የተባለ አደገኛ ኮሮና ቫይረስ ጂዳ ውስጥ ታክሞ ከነበረ ሕመምተኛ ተገኘ፤ ወደ ሰው የሚተላለፈው በግመሎች በኩል እንደሆነም በኋላ ታወቀ። በየዓመቱ ሚሊዮኖች ለሐጅና ለዑምራ የሚተሙበት ምድር በመሆኑ ዓለም ሰጋ። የግርሃም ቡድንም ለአርኤስቪ የሠራውን ለኮሮና ቫይረስ ለመሥራት ተነሣ። የመርስ እሾህ ግን አልገራ አለ፤ አይረጋም፣ ሥዕሉም አይወጣም። በዚህ መሐል ከቡድኑ ተመራማሪዎች አንዱ፣ ሙስሊም ወንድም፣ ከመካ ጉዞው ሲመለስ ታመመ። መርስ ይሆን ተብሎ ተፈርቶ ናሙና ተወሰደ። የተገኘው ኤችኬዩ1 የተባለ ተራ ጉንፋን የሚያስይዝ ኮሮና ቫይረስ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ይህ የዋህ ቫይረስ እሾሁ የተረጋጋ ስለነበር ቡድኑ እሱን ማጥናት ጀመረ፤ ሥዕሉም እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በዚያ መነሻነት መርስን የሚቆልፍ ዘዴ ተገኘና እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ፦ ፕሮቲኑ ሲፈታ ቀጥ ብሎ ረጅም ምሰሶ በሚሆንበት መታጠፊያ ላይ ሁለት ፕሮሊን ማስገባት። ፕሮሊን ከ20ዎቹ ዶቃዎች ግትሩ ነው፤ ባለበት ቦታ ጥምዝ ምሰሶ ቀጥ ብሎ መቆም ይቸግረዋል። መታጠፊያው ስለማይቃና ወጥመዱ ተጠምዶ ይቀራል።

የኮቪድ-19 ቫይረስ ዘረመል እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ይፋ ሲሆን ቁልፉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። 1273 ዶቃዎች ካሉት የስፓይክ ፕሮቲን 986ኛውና 987ኛው በፕሮሊን ተተኩ። ለውጡ ይኸው ነው፤ ሁለት ዶቃ። የፋይዘር፣ የሞደርና፣ የጆንሰንና የኖቫቫክስ ክትባቶች ይህን ይዘዋል። ሀገራችን መጋቢት 2013 ዓ.ም ላይ የጀመረችበት የአስትራዜኔካ ክትባት ግን ያልተቆለፈውን ፕሮቲን ነው የያዘው፤ እሱም ብዙዎችን ከከባድ ሕመም ጠብቋል። ስለዚህ መቆለፉ ብቸኛው መንገድ ነው ማለት አንችልም።

ለወንድማችን ልንሰጠው ይገባ የነበረው መልስ እንግዲህ ይህ ነበር፦ አዎ፣ ሰዎች ለውጠውታል። የለወጡት የውሸት ቫይረስ ለመሥራት ሳይሆን ሰውነትህ እውነተኛውን ቫይረስ ሴልህን ከመውጋቱ በፊት ባለው መልኩ እንዲያውቀው ነው። ካልተለወጠ የመፈታት ዕድሉ ይሰፋል፤ የተፈታውን ብቻ መማር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ደግሞ በአርኤስቪ አይተናል። ክትባቱ ለምን መያዝን ፈጽሞ አላስቀረም ብትል ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቫይረሱ በእሾሁ አናት ያሉ ዶቃዎችን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይርና በአፍንጫችን ያለው የአንቲቦዲ መጠን በወራት ውስጥ ስለሚቀንስ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አስተምረውናል፤ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት መኖሩንም ነግረውናል፤ የሚያውቀው እንደሚያውቀው፣ የማያውቀውም እንደማያውቀው። ኤች አይ ቪ ላይ እስካሁን ከማያውቁት ወገን ነን። እሾሁን መቆለፍ ተችሏል፤ የተቆለፈውም በሰዎች ላይ እየተሞከረ ነው። ነገር ግን ፕሮቲኑ ከእኛው ሴል በተወሰደ ስኳር ተሸፍኖ ስለሚመጣና የዶቃዎቹን ቅደም ተከተል እጅግ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋውጥ የሚሠራ ክትባት አልተገኘም። የምረቃ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ የአራተኛ ዓመት እህት ወንድሞች ካላችሁ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ብቅ በሉ፤ ያነበብናቸውን ወረቀቶች እናካፍላችኋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።